ከውስጥ ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአስር። የፎቶ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት አምስት ደቂቃ ስለሚቀድም አራት ከሩብ ይል ነበር፤ እዚያ የምትሠራው ትንሿ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት አምስት ስትቀንስለት ስለኖረች ያን ዕለትም ቀነሰች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ለሁለት ሳምንት ምላሷ ላይ ስታገላብጠው የከረመችውን ነገር ለወንድሟ ነገረችው።

"ጋሼ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ሌላ ከተማ ነው።"

እሱ የትልቁን ፍላሽ ጃንጥላ በደረቅ ጨርቅ እየወለወለ ነበር። እጁ አልቆመም።

"ምን ሥራ?"

"ማተሚያ ቤት። የመጽሐፍ ፎቶ ማስተካከል።"

"መቼ ነው?"

"ወሩ ሲያልቅ ጀምሪ ብለውኛል። መልሴንና አራት ጉርድ ፎቶ እስከ ዓርብ ይፈልጋሉ።"

ጨርቁን አጠፈው፤ እንደገናም አጠፈው፤ መሀረብ ሲያክል ኪሱ ከተተው።

"እሺ" አለ። "ስትሄጂ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ስቀይው።"

ወደ ጨለማው ክፍል ገባ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ፤ ከበሩ በላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች።

ትንሿ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ለጩኸት ተዘጋጅታ ነበር። ለጩኸቱ መልስ ነበራት፤ ለመልሱም መልስ ነበራት። ለ"እሺ" ግን አልተዘጋጀችም።

ሰፈሩ ወንድሟን የሚያውቀው ፍላሽ በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ትንሿና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። እንዲያውም በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ፍላሽ ያልተባለ ነገር ጥቂት ነበር። ነጭ ጃንጥላ ደፍቶ በሦስት እግሩ የቆመው መብራት ፍላሽ ነው። ደንበኛ ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎት የሚመጣው፣ ጥፍር የምታክል ሆና የአንድ ቤተሰብ ፎቶ በሙሉ የምትይዘው እቃ ፍላሽ ናት። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከኪሱ አውጥቶ የሚያበራው የስልክ ባትሪ እሱም ፍላሽ ነው። ማዶ ያለው ስልክ ጠጋኝ፣ አልነሳ ያለ ስልክ የያዘውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲያስነሳው "ፍላሽ አደረግኩት" ይላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ አለ፤ ቁጣው የጭድ እሳት የሆነ፣ ቦግ ብሎ ድርግም የሚል። ችግሩ ከቁጣው በኋላ የሚመጣው ነበር። ፍላሽ ፊትህ ላይ ሲበራ ብርሃኑ ወዲያው ይጠፋል፤ ዓይንህ ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ግን በየዞርክበት ይከተልሃል። የወንድሟ ኩርፊያ እንደዚያ ነበር። አንዴ ስምንት ቀን ቆይቷል።

በግድግዳ የሚዋሰናቸው ልብስ ሰፊ ቀልዱን ከዚህ ሁሉ ነበር የሚቀዳው። አንዱ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ "ፍላሽ አለ?" ሲል፣ ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ቀና ብሎ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደነከሰ፣ "ሰውየው ነው፣ እቃው ነው፣ ወይስ ቁጣው? ቁጣው ሁልጊዜም አለ" ይላል።

ፍላሽ ትንሿን በአስራ ሰባት ዓመት ይበልጣታል። ወላጆቻቸው ሲያልፉ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፀጉሯን ማበጠር ከፎቶ ቤቱ ደንበኞች እየጠየቀ ተማረ፤ ደብተሯን በፎቶ ወረቀት ካርቶን ለበደላት፤ ትኩሳት ሲይዛት ሱቁን ዘግቶ አልጋዋ ሥር ተኛ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት "ለክረምቱ ብቻ አግዢኝ" አላት። ክረምቱ አስራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱ ግን ትንሿ እንዳላት አለ፤ እሱን ሰምቶ ሰፈሩም ትንሿ ይላታል፤ በአርባ አንድ ዓመቷ ትንሿ መባል እንዴት ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ሥራውን ተካፍለው ነበር። ከፊት ያለው ክፍል፣ ኮምፒውተሩና ማተሚያው የእሷ ነው፤ ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ የሚታተመውን ይመርጣል፣ ታትማለች። ጨለማው ክፍል የእሱ ነው። በአሮጌው ካሜራ ፊልም እያነሳ፣ ራሱ እያጠበ፣ ራሱ እያተመ፣ በሰፈሩ የቀረ የጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺ እሱ ብቻ ነበር። "ቀለም ልብስህን ያሳያል፤ ጥቁርና ነጭ አንተን" ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት እንኳ ሥራ የቀዘቀዘበት ከሰዓት በኋላ ላይ "ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ፍላሹ እየዘገየ የሚበራ መሰለኝ፣ ልሞክረው" ብሎ ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀምጧት ነበር።

"አገጭሽን ዝቅ። ትንሽ ቀና። አንገትጌሽን አስተካክይ።"

"ለሙከራ አገጭ ይዘቀዘቃል እንዴ?"

"ሙከራም አገጭ አለው። ዝም በይ።"

አራት ጊዜ አበራባት። ዓይኗ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች፤ ረሳችው።

ጨለማው ክፍል አንድ ሕግ ነበረው። ቀዩ ሲበራ በሩ አይከፈትም። ቤት ቢቃጠል አይከፈትም። ትንሿ ይህን ሕግ የተማረችው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ደንበኛ ስትጣደፍባት ሳታንኳኳ ገፋችው፤ ያኔ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ወንድሟ የአንዲት ሙሽራ ሰርግ ያለበትን ፊልም ከማቀፊያው አውጥቶ በድቅድቅ ጨለማ በጣቱ እየዳበሰ ይጠቀልል ነበር። በሩ ከእጅ ስፋት በላይ አልተከፈተም። ፊልሙ ተቃጠለ። አንድ ሰርግ፣ ከእነ ሽማግሌዎቹ፣ ከእነ ሚዜዎቹ፣ በእጅ ስፋት ብርሃን ጠፋ። ወንድሟ አልጮኸባትም፤ ስምንቱ ቀን ያኔ ነው። በዘጠነኛው ቀን መቀርቀሪያ ገዝቶ ራሱ መታው። ሙሽራዋ አሁን ልጆች አድርሳለች፤ በፎቶ ቤቱ በር ስታልፍ ግን እስካሁን ፊቷን ወደ ማዶ ነው የምታዞረው።

ከዚያ በኋላ በሩን በኳኳታ ነበር የሚነጋገሩበት። ከውጭ አንድ ሲንኳኳ "ደንበኛ ይፈልግሃል" ነው። ከውጭ ሁለት፣ "ሲመችህ ውጣ፣ ምሳ ደርሷል።" ከውስጥ አንድ ሲመለስ፣ "ሰምቻለሁ፣ ተዪኝ።" ከውስጥ ሁለት ግን፣ "አልቋል፣ ብርሃን አይጎዳም፣ ግቢ።" ሁለቱ ይከታተላሉ፤ ኳ ኳ፤ በመካከላቸው ትንፋሽ አይገባም። ሲኮራረፉ እንኳ ይህ ቋንቋ አይቋረጥም ነበር። ለስምንት ቀን ቃል ያልሰጣት ሰው ኳኳታ አልነፈጋትም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣ። የምረቃ ፎቶ ነው። ስትሰካው ኮምፒውተሩ ጮኸ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ቫይረስ የተሞላ ነው።"

"ፎቶ ነው እኮ ያለው እትዬ።"

"ፎቶም አለ። ሌላም ቤተሰብ አለበት።"

እያጸዳችለት ሳለ ከጨለማው ክፍል አንድ ነገር ወደቀ። የፕላስቲክ ሳህን ድምፅ ነው፤ ሳህኑ ወለሉ ላይ ተሽከርክሮ፣ ተሽከርክሮ ቆመ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከባድ፣ ድፍን። ተማሪው ዞሮ አየ። ትንሿ አልዞረችም። የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ይላል፤ ቀነሰች፤ አራት ከአርባ።

ተናደደ፤ እቃ መወርወር ጀመረ አለች በሆዷ። ይወርውር።

ተማሪው ሲወጣ ሄዳ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ደግ መሆን ፈልጋ ነበር። ውስጡ ዝም አለ። ስትዞር፣ ከበሩ ታችኛው ጠርዝ አካባቢ፣ አንድ ኳኳታ መለሰ። ሰምቻለሁ፣ ተዪኝ።

ተወችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ገባ። ቀዩን መብራት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱም ሕጉን ያውቃል።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ቦግ አለ?"

"አላለም። 'እሺ' አለኝ።"

ልብስ ሰፊው ከንፈሩን መጠጠ። "'እሺ'ማ ይከፋል። ፍላሽ 'እሺ' ሲል የሰማሁት ጥርሱ ሲነቀል ብቻ ነው።" ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጫማውን ማየት ጀመረ። "እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን በመቀስ እንዳትወጊኝ።"

"ምን አደረግክ?"

"የኮትሽን ልክ የወሰድኩ ዕለት... አፌ አያርፍም፣ ታውቂው የለ። 'ለእህትህ የሥራ ኮት እየሰፋሁላት ነው' አልኩት። ከዚያ መመለስ አቃተኝ።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"ሁለት ሳምንት አልፎታል።"

ትንሿ ፊቷ ጋለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያወቀ ጠብቋታል ማለት ነው። እሷ ቃል ስትመርጥ፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ እሱ እያያት ዝም ብሏል። በአርባ አንድ ዓመቷ እንደ ልጅ ስትንተባተብ አይቶ፣ ከዚያ ቁልፉን ስቀይው!

"እና ለእኔ አትነግረኝም?"

"ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ።"

"ሂድ ማሽንህ ጋ፤ ሂድ!"

ልብስ ሰፊው ወጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ዳቦውን ይዞ ተመለሰ፤ ሦስቱ ሁልጊዜ ምሳ አብረው ነው የሚበሉት። ትንሿ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ቆየ። ከታች በኩል አንድ ኳኳታ መጣ፤ ደከም ያለ፣ እንጨት በብረት የተነካ የሚመስል።

"አልበላም ነው የሚለው" አለች።

"ሆዱን ነው የሚቀጣው፤ ሆዱ ምን አደረገው?" አለ ልብስ ሰፊው፤ ግማሹን ዳቦ ለፍላሽ በወረቀት ጠቀለለ፤ የራሱን እያኘከ ሄደ።

ትንሿ መብላት አልቻለችም። ወንበሯን ወደ ጨለማው ክፍል በር አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በአፏ አናገረችው።

"ጋሼ፣ ጠላት አልሆንኩብህም እኮ። ሥራ ነው ያገኘሁት።"

ከውስጥ ምንም የለም።

"ማንም ሰው ይሄዳል። ሰው ከቤቱ ይወጣል። እኔ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ታውቃለህ? ባል ያላገባሁት በማን ምክንያት ነው? ይሄ መብራት በበራ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እዚህ ጋ ስቀመጥ አይደለም ወይ ዕድሜዬ ያለቀው? አንተ ጨለማውን መርጠኸው ነው የገባኸው። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?"

ኳ።

ከጀርባዋ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ። እንጨቱ ሲነካ አከርካሪዋ ላይ ተሰማት።

"'ሰምቻለሁ፣ ተዪኝ' ነው? አንድ ቃል አታወጣም?"

ረዥም ጊዜ አለፈ። በመንገዱ ላይ ጋሪ ሲንገጫገጭ አልፎ ድምፁ ጠፋ። ከማዶ የስልክ ጠጋኙ ሬዲዮ ዜና ጀምሮ ጨረሰ። ከዚያ፣ ምንም ሳትጠይቀው፣ ሌላ አንድ መጣ።

ኳ።

"በቃ፣ ገባኝ" አለች ትንሿ። እንባዋ ሲመጣ ተነሳች፤ እሱ ሲያለቅሱ መስማት አይወድም፤ እሷም ልትሰጠው አልፈለገችም። "አልነካህም። እስክትጠግብ ኩረፍ።"

ወንበሯን አንስታ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ኳኳታ አልመጣም። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ይዛ ለጉርድ ፎቶ መጣች፤ ትንሿ ሕፃኑን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝታ በአዲሱ ካሜራ አነሳችው። ሕፃኑ በፍላሹ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ፤ እናቱ ስታባብለው ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ከዚያ በስተጀርባ ሌላ ድምፅ ቢኖር ማንም አይሰማውም።

እናትየዋ ስትወጣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሰውየው ሽንት ቤት እንኳ አልወጣም ብላ አሰበች። ሃሳቡ መጣባት፤ ተቀመጠ፤ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ ጫማዋ ሥር የሚያንጸባርቅ ነገር አየች።

ውሃ ነው። በጨለማው ክፍል በር ሥር ቀጭን ሆኖ እየወጣ፣ የወለሉን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ጠረጴዛዋ መጥቷል። የፎቶ ማጠቢያውን መድኃኒት ሽታ ይዟል።

ወንድሟ ውሃ የሚያባክን ሰው አይደለም። ቧንቧው ጠዋት ጠዋት እንደ ክር ስለሚቀጥን፣ የታጠበበትን እንኳ በባልዲ አጠራቅሞ ወለል የሚወለውልበት ሰው ነው። ተናዶ ሳህን ሊወረውር ይችላል። ተናዶ ውሃ አያፈስም።

"ጋሼ!"

ዝም።

"ጋሼ! ፍላሽ!" ሰፈሩ በሚጠራው ስም ጠርታው አታውቅም ነበር።

እጇ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ያደረገችውን ነገር በኋላ ለማንም መንገር አልቻለችም። የፊተኛውን ክፍል መብራት ለማጥፋት ሮጠች። አጠፋችው። የመስኮቱን መጋረጃ ጎተተች፤ አንዱ ቀለበት ሽቦው ላይ ተያዘ፤ ወንበር አቁማ ላይ ወጥታ ቀለበቱን አላቀቀችው። የመንገዱን በር ዘጋች። ብርሃን የምትገባበትን ሁሉ ደፈነች። ወንድሟ ወለል ላይ ሆኖ፣ እሷ ወረቀት እንዳይቃጠል መጋረጃ ታስተካክል ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተማረችውን እጇ አልረሳም።

ጨለማው ሲሞላ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። መቀርቀሪያው ወንድሟ ራሱ የመታው ነው፤ አልተነቃነቀም።

"ልብስ ሰፊ! ድረስ! ድረስልኝ!"

ልብስ ሰፊው ጣቱ ላይ የመስፊያ ቆቡን እንዳደረገ ገባ፤ በጨለማው ውስጥ ወንበሩ ሲያደናቅፈው "ምነው፣ መብራት ጠፋ እንዴ?" አለ። ከዚያ ውሃውን ረገጠ፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሁለቱ አንድ ላይ ገፉት፤ በሦስተኛው ብሎኖቹ ከእንጨቱ ተነቀሉ፤ በሩ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሄደው፤ ከኋላው የሚከለክለው ነገር አለ።

ትንሿ ጎኗን አሾልካ ገባች። የስልኳን ፍላሽ አበራች።

ወንድሟ በሩ ሥር በቀኝ ጎኑ ወድቋል። ሸሚዙ ውሃ ጠጥቷል። ፊቱ ግማሹ የሱ ነው፤ ግማሹ እንደ ሰም ወርዷል። ዓይኖቹ ተከፍተዋል። በግራ እጁ ወረቀት የሚያነሳበትን የብረት መቆንጠጫ ጨብጧል፤ በሩ ታች፣ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቀለሙ በነጥብ በነጥብ ተልጧል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገለጠና አያት፤ መቆንጠጫውን ትንሽ አንስቶ ውሃው ውስጥ ጣለው።

"ዓይኑ ያያል!" ብላ ጮኸች። "ያየኛል! መኪና ጥራ!"

ልብስ ሰፊው ሲሮጥ እሷ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ውሃው አሁንም ይወርድ ነበር። ቧንቧውን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች፤ የስልኳ ብርሃን መታጠቢያው ውስጥ ገባ። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከሥሩ፣ የመውረጃው ቀዳዳ ላይ፣ አንድ ፎቶ ተለጥፎ ውሃውን ዘግቶታል። አንሥታ አየችው። አንድ ወረቀት ላይ አራት ፊት፤ አራቱም የእሷ። አገጯ ዝቅ ያለ፣ አንገትጌዋ የተስተካከለ። ጉርድ ፎቶ ነበር።

የመጨረሻው እጥበት ላይ የደረሰ ፎቶ ፀሐይ ቢያገኘው እንኳ አይነካውም። የወረቀቱ ጥቅል መደርደሪያው ላይ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ፊልሙ ደርቆ ኤንቨሎፑ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ክፍል ውስጥ ብርሃን የሚያቃጥለው አንድም ነገር አልነበረም። ከአራት ከአርባ ጀምሮ አልነበረም።

ሆስፒታል ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ሰዓት ነው። "ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?" ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም፤ ይገምታል። ትንሿ ግን በደቂቃ ታውቀዋለች።

"አራት ሰዓት ከአርባ።"

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ስምንት ሊሞላ ነው። "አብራችሁ ነበራችሁ?" አለ።

"በር ነበር በመካከላችን" አለችው።

ሐኪሙ ጻፈ። ሌላ አልጠየቃትም። ብትመታው፣ ብትጮህበት፣ ብትለምነው ኖሮ መዘግየቱ ምን እንዳስከፈለ ምናልባት ይናገር ነበር፤ አልጋው ተገፍቶ ገባ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ወንድሟን ቤት አመጣችው። ቀኝ ጎኑ አልተመለሰም። ቃልም አልተመለሰም፤ ከአፉ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ያም ሲታገል ነው። አልጋውን ከግድግዳው አስጠግታ፣ በግራ እጁ መቆንጠጫውን አስያዘችው፤ ይኸው የኖረበት ቋንቋ ነው ብላ።

"ስትፈልገኝ አንኳኳ ጋሼ። ወጥ ቤት ብሆንም እሰማለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና ድስት ስታጥብ ግድግዳው አንድ ጊዜ ተንኳኳ። እጇ ቆመ። አንድ ነው፤ ሰምቻለሁ፣ ተዪኝ። ግን ምንም አላለችውም፤ ምኑን ነው የሰማው? ውሃው ከእጇ እየተንጠባጠበ ጠበቀች። ድስቱ ላይ ያለው አረፋ ቀስ እያለ ሟሟ። ውጭ አንድ ሴት ሌላዋን ሰላም ብላ፣ ልጆቿን ጠይቃ፣ ስለ ጉልበቷ አውርታ፣ ተሰናብታ ሄደች። ያኔ ሁለተኛው መጣ።

ኳ።

ወደ ክፍሉ ስትገባ ግንባሩ በላብ ርሷል። ክንዱን ለማንሳት እስከ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየችው ያኔ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል እጁ አልጋው ላይ ወድቆ ነበር፤ እንደገና ፈልጎ፣ ጨብጦ፣ አንስቶ ነው ሁለተኛውን የመታው። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ስትገባ መቆንጠጫውን ለቀቀው።

ሁለት ነበር። ያን ቀንም ሁለት ነበር። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷን ስትቆጥርበት፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ የመጣው አንድ፣ ጋሪው ካለፈና ዜናው ካለቀ በኋላ የመጣው አንድ፣ እሱ ጋ ሁለት ነበር። አልቋል፣ ብርሃን አይጎዳም፣ ግቢ። እሱ በትክክል አንኳኩቷል። እሷ ለየብቻ ቆጠረችው።

ትንሿ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ምን እንዳደረገች ሊያውቅ አይገባም ብላ ፊቷን ልትሰበስብ ሞከረች፤ አልሰበሰብ አላት። ወንድሟ አያት። ግራ እጁን አንስቶ፣ ልጅ ሳለች ፀጉሯን ሲያበጥራት እንደሚያደርገው፣ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

"ተው ጋሼ" አለችው፤ "ተው።"

አልተወም። ቀና አደረገው።

ማተሚያ ቤቱ ያኔ ከዓርብ አልፎ እስከ ሰኞ ጠብቋት ነበር። ሰኞ ደውላ አልመጣም አለች፤ ሴትየዋ በስልኩ ውስጥ "ያሳዝናል፣ ከወረቀቶችሽ ፎቶሽ ብቻ ነበር የቀረሽ" አለቻት። ልብስ ሰፊው ኮቱን ሰፍቶ ጨርሶ አመጣው፤ አንድ ጊዜ ለካችው፤ ልክ ነበር። እስካሁን በላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ነው። "አፌን ነው መስፋት የነበረብኝ" ይላል ልብስ ሰፊው፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ይቀልዳል፤ "ፍላሽ አለ?" ለሚሉት ግን አሁን የሚመልስላቸው "እቃው አለ" ብቻ ነው።

ወንድሟ ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ኖረ። በሰባቱም ወር ትንሿ ግድግዳው አንዴ ሲንኳኳ ሁለተኛውን አልጠበቀችም። ያረፈው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ እሷ አጠገቡ ነበረች፤ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር።

ፎቶ ቤቱ አሁንም ክፍት ነው። ትንሿ በፊተኛው ክፍል ከፍላሽ ፎቶ ታትማለች። ጨለማውን ክፍል ልብስ ሰፊው ተከራይቶ ጨርቅ ያስቀምጥበታል፤ ከመንገዱ በኩል መስኮት አስከፍቶበታል።